ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ሲካፈል

ከፒያሳ ማዘጋጃ ቤቱን ወደ ኋላ ትቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው ብዙ ሳይርቅ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። በዚያ ቁልቁለት ዙሪያና በአራዳ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ያሉ ክሊኒኮችና ላብራቶሪዎች በየቀኑ አንድ ዓይነት ወረቀት ያወጣሉ። ሐኪሙ የደም ሕዋሳት ቆጠራ ሲፈልግ «ሲቢሲ ይሠራ» ብሎ ያዛል፤ ታካሚው እጅጌውን ይሰበስባል፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሊትር ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ ማሽኑም ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሃያ ያህል ቁጥር ደርድሮ ያትማል። አስታማሚው ዓይኑን የሚጥለው ሄሞግሎቢኑ ላይ ነው። «ደሙ አላነሰም አይደል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ወረቀቱን አጥፎ ከካርዱ ጋር ያስቀምጣል።

ያ ወረቀት ማሽኑ ያላተመውን አንድ ቁጥር ይዟል። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉትን ብዛት ሊምፎሳይት ለሚባሉት ብዛት ማካፈል ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች መካከል ይህ ውጤት ከፍ ያለባቸው በአማካይ ቶሎ እንደሚዳከሙና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር ዛሬ በብዙ አገር የሚሠሩ ሐኪሞች ያውቃሉ። ዕውቀቱ እዚህ እስኪደርስ መቶ አርባ ዓመት ገደማ ወስዷል። ከታሪኩ አንዱ ምዕራፍ፣ በእኔ ዓይን ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ምዕራፍ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ የጻፉት ሰዎች ያጠኑት የነበረው ግን ካንሰርን አልነበረም።

ጥርጣሬው የተነሣው በርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሩዶልፍ ፊርሖ የተባለው የሥነ ደዌ ሊቅ የካንሰር እጢን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በእጢው መሐል ነጭ የደም ሕዋሳት ሰፍረው አየ። ነጭ ደም የሚበዛው ቁስል ባለበት፣ መግል በሚቋጥርበት ቦታ ነው። እጢ ውስጥ ምን ይሠራል? ፊርሖ ካንሰር ብግነት ለረጅም ጊዜ በቆየበት ሥጋ ላይ የሚበቅል ነገር ነው ብሎ ገመተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ አርማንድ ትሩሶ የተባለ ሐኪም፣ ያለ በቂ ምክንያት በደም ሥሩ ውስጥ ደም የሚረጋበት ሰው የተደበቀ ካንሰር ሊኖርበት እንደሚችል አስተማረ። ያው ምልክት ቆይቶ በራሱ ላይ ታየ፤ በ1867 በጨጓራ ካንሰር ሞተ። ሁለቱ ሰዎች በየፊናቸው የደረሱበት ነገር አንድ ነው፦ እጢው አንድ ቦታ ተቀምጦ ደሙ ግን ወሬውን ይዞ መላ ሰውነትን ይዞራል።

ወሬውን ለመስማት ግን ነጭ ደምን በየዓይነቱ መለየት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያደረገው ፖል ኤርሊኽ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ለጨርቅ ማቅለሚያ የተፈለሰፉትን የጀርመን ቀለሞች መስታወት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ ላይ ሞከረ። እያንዳንዱ የሕዋስ ዓይነት የራሱን ቀለም መርጦ ወሰደ፤ አንድ ይመስል የነበረው ነጭ ደም ኒውትሮፊል፣ ኢዮሲኖፊል፣ ባዞፊል፣ ሊምፎሳይት ሆኖ ተለያየ። ከዚያ በኋላ የቀረው ቆጠራ ነበር፤ ቆጠራው ደግሞ ዓይን የሚያደክም፣ ከሰው ሰው የሚለያይ ሥራ ነበር። አሜሪካዊው ዋላስ ኩልተር በ1953 የፈጠራ መብት ባገኘበት ዘዴ ይህን ቀየረው። ደሙ በጨው ውኃ ይቀጥናል፤ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ በኩል ይሳባል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ለቅጽበት ያደናቅፋል፤ የእንቅፋቱ መጠን የሕዋሱን ግዝፈት ይናገራል። ዛሬ ፒያሳ ላይ ሲቢሲ የሚሠሩ ማሽኖች ቀይ ደምንና ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት የሚቆጥሩት በአብዛኛው በዚሁ ዘዴ ነው።

ማሽኑ ከመጣ በኋላ ቁጥሮች በየሆስፒታሉ ተከማቹ፤ ጠያቂ ግን አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በ1964 ጃክ ሌቪንና ሎካርድ ኮንሊ የተባሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች የፕሌትሌት መብዛት ከካንሰር ጋር እንደሚያያዝ ጻፉ። በ1970 ሪዬስኮ የተባለ ተመራማሪ ከካንሰር አምስት ዓመት የመሻገርን ዕድል በደም ውስጥ ካለው የሊምፎሳይትና የኒውትሮፊል ብዛት ጋር አገናኘ። የኋላው ግኝት ዘር በሙሉ እዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለ። የበቀለው ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው።

በ2001 በስሎቫኪያ ዋና ከተማ በብራቲስላቫ ሮማን ዛሆሬትስ የተባለ ሐኪም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የነበሩ 90 የካንሰር ታማሚዎችን ደም በተከታታይ ይመዘግብ ነበር። ሐሳቡ ያረፈው ሰውነት ከከባድ ቀዶ ሕክምናና ከደም መመረዝ ጋር እንዴት እንደሚታገል ላይ ነው። ያስተዋለውም ይህ ነው፦ ታማሚው ሲጠና ኒውትሮፊሉ ይወጣል፣ ሊምፎሳይቱ ይወርዳል፤ ሁለቱም የሚሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከመከታተል አንዱን ለሌላው ማካፈል ይቀላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፉ የወጣው በብራቲስላቫ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው፤ በትልልቆቹ የምዕራብ መጽሔቶች ላይ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የካንሰር ሐኪሞች አነበቡት። በ2005 የአንጀት ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ። በ2009 ለንደን ውስጥ የሳንባ ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው 177 ሰዎች መዝገብ ተገለጠ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ውድሩ፣ ማለትም የማካፈሉ ውጤት፣ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ አጠረ። ቀዶ ሐኪሙ እጢውን ጠርጎ አውጥቶታል፤ ሆኖም ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት በተቀዳው ደም ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ስለሚመጣው ጊዜ እየተናገረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ጎረፈ። በ2014 አርኑድ ቴምፕልተንና ባልደረቦቹ በልዩ ልዩ ካንሰሮች ላይ የተሠሩ 100 ጥናቶችን፣ በድምሩ 40,559 ታማሚዎችን፣ አንድ ላይ መረመሩ። ከፍ ያለ ውድር ያላቸው ሰዎች በማንኛውም ጊዜ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ 1.8 እጥፍ ገደማ ነበር። ከፍተኛውን ከዝቅተኛው ለመለየት ጥናቶቹ ካሰመሯቸው የተለያዩ መስመሮች መካከለኛው 4 ሆነ። ይህችን 4 አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ግን ምክንያቱ። ሁለት ቁጥር ተካፍሎ ስለ ሞትና ሕይወት እንዴት ይናገራል?

መቅኔ በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ኒውትሮፊል ያመርታል። ደም ውስጥ የሚቆዩት ቢበዛ አንድ ቀን ገደማ ነው። ሰፈር ውስጥ ኡኡታ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ማን ጮኸ፣ ለምን ጮኸ ሳይል በእጁ የገባውን ይዞ ይሮጣል፤ የኒውትሮፊል ጠባይ ይህ ነው። ለባክቴሪያ ይህ ጥድፊያ ሕይወት ያድናል። የሳንባ እጢ ግን የውሸት ኡኡታ ማሰማት ይችልበታል። መቅኔን የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮችን ራሱ እያመነጨ ወደ ደም ይለቃል፤ መቅኔው ኢንፌክሽን የመጣ መስሎት ኒውትሮፊሉን ይልካል። የደረሱት ሕዋሳት ጠላት አያገኙም፤ ሥራቸውን ግን አይተዉም። ሥጋን የሚያላላ ኢንዛይም ያፈሳሉ፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ይረዳሉ፣ ሌሎቹን ተከላካዮች ያዳክማሉ። ሃሮልድ ድቮራክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ደዌ ሐኪም በ1986 እጢን ከማይድን ቁስል ጋር ያመሳሰለው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ ቁስልን ለማዳን የተዘጋጀው ሁሉ እጢን ለማሳደግ ይውላል።

ከሁሉ የደነቀኝ የመረቡ ነገር ነው። በ2004 በርሊን ውስጥ የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ኒውትሮፊል ሲሞት የገዛ ዲኤንኤውን እንደ መረብ ዘርግቶ ባክቴሪያ እንደሚያጠምድ አሳዩ። በ2018 ደግሞ ኒው ዮርክ አጠገብ ባለው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላብራቶሪ፣ ሳንባቸው ውስጥ ተኝተው የቀሩ የካንሰር ሕዋሳት ያሉባቸው አይጦች የሲጋራ ጭስ እንዲስቡ ተደረገ። ጭሱ ሳንባውን አስቆጣ፤ ኒውትሮፊል መጣ፤ መረቡን ዘረጋ፤ በመረቡ ላይ ያሉት ኢንዛይሞች አካባቢውን ሲቀይሩት የተኙት የካንሰር ሕዋሳት ነቅተው መራባት ጀመሩ። ጭስ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁላችንም ስንሰማ ኖረናል፤ ይህኛው መንገድ ግን ለእኔ አዲስ ነበር።

በክፍልፋዩ ሥር ያለው ሊምፎሳይት ሌላ ዓለም ነው። ቀስ ብሎ የሚማር፣ ብዙ የሚኖር፣ የለየውን የማይረሳ ሕዋስ ነው። የካንሰርን ሕዋስ ከጤነኛው ለይቶ የሚገድለው በዋናነት እሱ ነው። በሽታው ሲበረታ፣ ምግብ ሲቀንስና የጭንቀት ሆርሞን ሲጨምር ቁጥሩ ይመነምናል። እንግዲህ ስናካፍል ከላይ እጢው ለራሱ የጠለፈውን ኃይል፣ ከታች ደግሞ የሚዋጋውን ኃይል አስቀምጠናል ማለት ነው። ውድሩ ሌላም ጥቅም አለው። ታማሚው ውኃ አጥሮት ደሙ ቢወፍር ወይም ግሉኮስ ተሰጥቶት ቢቀጥን ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ይቀየራሉ፤ ሲካፈሉ ስሕተቱ ይጠፋል።

ወረቀቱ ላይ ሌሎችም የሚናገሩ መስመሮች አሉ። ፕሌትሌት በደም ውስጥ የሚንሳፈፉ የካንሰር ሕዋሳትን ከቦ ከገዳይ ሕዋሳት ይሸሽጋቸዋል። በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች የቀይ ደም ሕዋሳት መጠን መዘበራረቅ፣ አርዲደብሊዩ የሚባለው ቁጥር፣ በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ከበሽታው ደረጃና ከዕድሜ ማጠር ጋር እንደሚሄድ ጻፉ። ከሁሉ ይበልጥ የተሰማው ግን በ2018 ከፈረንሳይ፣ ከጉስታቭ ሩሲ የካንሰር ማዕከል የወጣው ነው። ላውራ ሜስኪታና ባልደረቦቿ የኒውትሮፊሉን ውድር ኤልዲኤች ከሚባል ሌላ ተራ የደም ምርመራ ጋር አጣመሩ፤ በሽታ መከላከያን የሚቀሰቅሰውን አዲስ መድኃኒት የሚወስዱ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችንም በሦስት ከፈሉ። ሁለቱም ምርመራ ደህና የሆነላቸው ሰዎች መካከለኛ ቀሪ ዕድሜ 34 ወር ነበር፤ አንዱ የተበላሸባቸው 10 ወር፤ ሁለቱም የተበላሸባቸው 3 ወር። የመድኃኒቱ ዋጋ ብዙ አገር የማይችለው ነው። የምርመራዎቹ ዋጋ ግን ፒያሳ ያለ ተራ ክሊኒክ የሚያስከፍለው ነው።

ወደዚያች 4 ልመለስ።

ሁለት ሰዎች እናስብ። የመጀመሪያው ጤነኛ ሳለ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ 4,000 ኒውትሮፊልና 2,000 ሊምፎሳይት አለው፤ ውድሩ 2 ነው። እጢ ይዞት ኒውትሮፊሉ እጥፍ ሲሆን ውድሩ 4 ይገባል፤ ሐኪሙም ይነቃል። ሁለተኛው ጤነኛ ሳለ ኒውትሮፊሉ 2,000፣ ሊምፎሳይቱም 2,000 ነው፤ ውድሩ 1። እሱም እጢ ይዞት ኒውትሮፊሉ እጥፍ ይሆናል፤ ውድሩ 2 ሆኖ «ደህና» ይባላል። በሁለቱ ሰውነት ውስጥ የሆነው ነገር አንድ ነው። ልዩነቱ የተነሡበት ቦታ ነው። ይህ የሒሳብ ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሰው አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ወደ ታሪኩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉለሌ ሲዘለቅ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው ግቢ አለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ በ1990ዎቹ ስሙ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ነበር። ኤድስ ቤት ለቤት እየገባ ባለበት በዚያ ዘመን የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እዚያ ይሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተሉ አንድ መሠረታዊ ጉድለት ገጠማቸው። ቫይረሱ ሲዲ4 የሚባሉትን ሊምፎሳይቶች ስንት እንዳጠፋ ለማወቅ፣ ጤነኛ ኢትዮጵያዊ ስንት ሲዲ4 እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚነግራቸው መጽሐፍ አልነበረም። በላብራቶሪዎቻችን የነበረው «ጤነኛ» መስመር በሌላ አገር ሰዎች ደም የተሰመረ ነበር።

አስቴር ፀጋዬ፣ ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው መስመሩን ራሳቸው ለማስመር ተነሡ። በ1999 ያሳተሙት ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸውን 485 ጤነኛ ጎልማሶች ደም የያዘ ነው። የነጭ ደም ሕዋሳት አማካይ በአንድ ማይክሮ ሊትር 6,100 ሆነ፤ ሲዲ4 ደግሞ 775። ሲዲ4 ከኔዘርላንድስ ጤነኞች በግልጽ ያንስ ነበር። በዚያው ዓመት በፀሐይነሽ መሪነት የወጣ ሌላ ጽሑፍ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ፦ ከኔዘርላንድስ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ ገና ጠላት ያላዩት ሊምፎሳይቶች ጥቂት፣ ተነሣሥተው ሥራ ላይ ያሉት ብዙ ናቸው። ትላትል፣ ቲቢ፣ የልጅነት ኢንፌክሽን፤ ሰውነታችን ሲታገል የኖረ ሰውነት ነው። የኤድስ ጥናት ብለን የምናልፈው ይህ ሥራ ዛሬ ለካንሰር ሐኪም የሚለው ነገር አለ። የክፍልፋዩ ሥር የሆነው ሊምፎሳይት እኛ ዘንድ ሌላ ታሪክ ያለው ነው። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላም ላብራቶሪን አልተዉም፤ ፀሐይነሽ በ2011 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውን የአፍሪካ የላብራቶሪ ሕክምና ማኅበር መርታለች።

በክፍልፋዩ ላይ ያለው ኒውትሮፊል በብዙ አፍሪካውያን ለምን እንደሚያንስ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ታወቀ። ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዱፊ የሚባል ፕሮቲን አለ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ሕዋሱ የሚገባው በዋናነት ዱፊን ይዞ ነው፤ ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ይህን ያሳዩት በ1970ዎቹ ነው። በብዙ አፍሪካውያን ቀይ ደም ላይ ዱፊ የለም፤ ቫይቫክስን የሚከላከል ስጦታ ነው። በ2009 እነ ዴቪድ ራይክ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ኒውትሮፊል እንዲያንስ የሚያደርገው ይኸው የዘር ለውጥ መሆኑን አሳዩ። እነዚህ ሰዎች መከላከያ ጎድሏቸው አይደለም። ኒውትሮፊላቸው ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋ የመሄድ ዝንባሌ አለው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው ደግሞ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የሕክምናው ዓለም ይህን ጤናማ ልዩነት ለዓመታት እንደ ጉድለት ሲጽፈው ኖሯል፤ «ነጭ ደምህ አነሰ» ተብሎ ኬሞቴራፒው የተዘገየበት ሰው ስንት እንደሆነ ሳስበው ያመኛል።

እኛ አገር ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። በምዕራብ አፍሪካ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ዱፊ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን ይኖራል፤ ቫይቫክስ በአገራችን የተለመደ ወባ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንድ ወረፋ ላይ የቆሙ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ምናልባትም የአንድ እናት ልጆች፣ ጤነኛ ሳሉ የተለያየ ኒውትሮፊል ሊኖራቸው ይችላል። «የአውሮፓን መስመር ጥለን የኢትዮጵያን እናስምር» ማለት ብቻውን አይበቃም። መስመሩ ዱፊን መጠየቅ አለበት።

ቀይ ደሙም የራሱ ጥያቄ አለው። ደም ማነስ በሳንባ ካንሰር ላይ መጥፎ ምልክት ነው፤ ግን ከምን ተነሥቶ ያነሰ? በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ፣ አምባራስ ውስጥ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክታ ያገኘችውን አሳተመች። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ያበዛል ተብሎ ይጠበቃል፤ የወንዶቹ አማካይ ግን 15.9 ግራም በዴሲ ሊትር ብቻ ሆነ፣ ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው። የደጋው አማራ ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ መንገድ አግኝቷል። ስለዚህ ለከፍታ ተብሎ ከአንዲስ የተወሰደ የሄሞግሎቢን ማስተካከያ ለጎንደር ሰው ሲሠራ ሊያሳስት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ቲቢ አለ። የሚያስል፣ የሚከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው ሰው ሲመጣ እኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፤ መታሰቡም ትክክል ነው። ነገር ግን ቲቢም የሳንባ ምችም ኒውትሮፊልን ያስነሣል። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን የመሰሉ መድኃኒቶች ደግሞ ኒውትሮፊሉን ከፍ፣ ሊምፎሳይቱን ዝቅ አድርገው በአንድ ቀን ውስጥ ውድሩን ያጣምሙታል፤ ካንሰሩ ጭንቅላት ለደረሰበት ሰው ዴክሳሜታሶን ከሚታዘዙት የመጀመሪያው ነው። ማሽኑም ይለያያል። ብዙ አነስተኛ ላብራቶሪዎች ያላቸው ነጭ ደምን በሦስት የሚከፍል ማሽን ነው፤ ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዱ ኒውትሮፊልንና ኢዮሲኖፊልን አንድ ላይ «ግራን» ብሎ ያትማል። ሆዱ ውስጥ ትላትል ያለበት ሰው ኢዮሲኖፊሉ ስለሚበዛ በዚያ ማሽን ውድሩ ያለ ካንሰር ሊያብጥ ይችላል። በአምስት የሚከፍለው ማሽን ይሻላል፤ ከሌለ ጠብታውን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ኤርሊኽ እንዳደረገው አቅልሞ፣ በዓይን መቁጠር ነው። የላብራቶሪ ባለሙያዎቻችን ይህን በደንብ ይችሉበታል።

ለአንድ ሰው ከሁሉ የተሻለው መስመር የራሱ የቀድሞ ቁጥር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለውጭ አገር ጉዞ ወይም ለቀዶ ሕክምና የተሠራ ሲቢሲ፣ ሰውየው ጤነኛ ሳለ ከየት እንደተነሣ ያሳያል። ያን ወረቀት ግን ማን ያስቀምጠዋል? በ2024 ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ከተማዋ ዳር ሄዱ፤ ሲታከሙባቸው ከኖሩባቸው ክሊኒኮችም ራቁ። በዚያ ጥድፊያ የቤት ካርታና የልጆች ሰርተፊኬት ይፈለጋል፤ የአባት የደም ውጤት ማንም አይፈልግም። እባካችሁ ፈልጉት። በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ «ውዱ መድኃኒት ከሌለ ዕድሜን መተንበይ ለምን ይጠቅማል?» ይላል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አለው። በ2010 በታተመ ጥናት ቦስተን ውስጥ ጄኒፈር ቴሜልና ባልደረቦቿ የሳንባ ካንሰራቸው የተሠራጨባቸውን 151 ሰዎች በሁለት ከፍለው ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሕመምን፣ ትንፋሽ ማጠርንና ጭንቀትን የሚያስታግስ ክትትል ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያገኙ አደረጉ። የእነሱ መካከለኛ ቀሪ ዕድሜ 11.6 ወር ሆነ፤ የሌሎቹ 8.9። የተጨመረላቸው ማስታገሻና የሚሰማቸው ሰው ነበር። ይህን ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ ሲሠራው ቆይቷል። ቦታውና ባለሙያው ጥቂት በሆነበት አገር ማን አስቀድሞ ይታይ የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይነሣል። ከፍ እያለ የሚሄድ ውድር ያለውን ታማሚ የሚያውቅ ሐኪም፣ ማስታገሻውን ለመጨረሻው ሳምንት ሳያቆይ ዛሬ ሊያስጀምር ይችላል። ለእኔ የዚህ ግኝት ትልቁ ጥቅም እኛ ዘንድ ይህ ነው።

ቁጥሩን ለማን መንገር እንደሚገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ከታማሚው ይልቅ ታላቅ ወንድም ወይም የመጀመሪያ ልጅ ተጠርቶ በጓሮ ይነገረዋል፤ «እሷ እንዳትሰማ» ይባላል። ውድሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው። 3 ወር ከተባሉት መካከል ዓመት የኖረ አለ። አንድን ቁጥር ወስዶ ለአንዲት እናት ቀን መቁረጥ ሳይንሱ ያላለውን ማለት ነው። ልትጠይቅ የምትፈልግ ከሆነ ግን እሷ መጠየቅ፣ እሷ መስማት አለባት ብዬ አምናለሁ፤ የምታስተካክለው ጉዳይ፣ የምትጠራው ልጅ ይኖራታል።

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2011 ጀምሮ ጥቁር አንበሳን ማዕከል አድርጎ በከተማዋ የሚገኙ የካንሰር ታማሚዎችን ይመዘግባል። የእኛን መስመር የሚያሰምር ጥናት ከዚህ ሊነሣ ይችላል። የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም። የሳንባ ካንሰር መሆኑ በናሙና ሲረጋገጥ፣ ዴክሳሜታሶን ከመጀመሩ በፊት የተቀዳ ሲቢሲ በአምስት ከሚከፍል ማሽን፤ የአክታ የቲቢ ምርመራ፤ የዱፊ ምርመራ፤ ከዚያም በየሦስት ወሩ ቤተሰቡን ማግኘት። ሲቢሲው አሁንም ለሁሉም ይሠራል። የአክታው ምርመራ በየጤና ጣቢያው አለ። የቀሩት የዱፊው ምርመራና ስልክ የሚደውል አንድ ነርስ ናቸው።